ብርቱካንን ከአረንጓዴ ሻጋታ በባክቴሪያ መጠበቅ፦ ከአዳማ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት 18፦ ፍሬውና ጠላቱ

ሙከራው የሚሠራው ብርቱካን ላይ ነው። ምርጫው ከላይኛው አዋሽ የሚመጣ ብርቱካን አዳማ ገበያ ስለሚገኝ ብቻ አይደለም። ብርቱካንን ከተለቀመ በኋላ በዋናነት የሚያበሰብሰው አረንጓዴ ሻጋታ (ፔኒሲሊየም ዲጂታተም) ባክቴሪያ ሊቀድመው በሚችል በር የሚገባ ፈንገስ ነው። ደህና ልጣጭ በስቶ አይገባም፤ ቁስል ይፈልጋል። መቀስ የነካው፣ ጥፍር የጫረው፣ ካሳው (የፍሬ ሳጥኑ) ውስጥ የቀረ አሸዋ የፋቀው፣ ሲራገፍ የተጋጨ ፍሬ ይበቃዋል። ቁስሉን ቀድሞ የያዘ ያሸንፋል።

ማንጎና አቮካዶ ላይ የሚታየው አንትራክኖዝ የሚባለው በሽታ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱን የሚያመጣው ኮሌቶትሪከም የሚባል ፈንገስ ፍሬው ገና ዛፍ ላይ ሳለ ልጣጩ ውስጥ ገብቶ ይደበቃል፤ ፍሬው ሲበስል ይነቃል። ከለቀማ በኋላ ብቻ ባክቴሪያ ውስጥ መንከር ለእሱ ብዙም አይፈይድም። በደቡብ አፍሪካ አቮካዶ ላይ የሠሩት ተመራማሪዎች ባሲለስ ሰብቲሊስ የተባለውን ባክቴሪያ ከለቀማ በፊት እርሻው ላይ የረጩትም ለዚህ ነው። አንድ ሰው «ማንጎ ላይ ሞከርኩት፣ አልሠራም» ሲል መጀመሪያ የሚጠየቀው የትኛው ፈንገስ እንደሆነና መቼ እንደገባ ነው።

የምንጠቀመው ከባሲለስ ሰብቲሊስ ወገን ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፑሲና ዊልሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1984 እ.ኤ.አ. ይህ ባክቴሪያ የተለቀመ ኮክን ከቡናማ ብስባሴ እንደሚከላከል አሳይተዋል። ለእኛ የሚመቸን ሦስት ነገር አለው፦ ሙቀትና ድርቀት የሚችል ስፖር (ተኝቶ የሚቆይ ጠንካራ ሴል) ይሠራል፣ ኢቱሪንና ፌንጂሲን የሚባሉ ፈንገስ የሚገድሉ ውህዶች ያመነጫል፣ በተራ ምግብ ይራባል። ድክመቱ ብርድ ነው። 4 እና 5 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ መጋዘን ውስጥ ስለሚተኛ እዚያ እርሾዎች ወይም ሱዶሞናስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ይሻላሉ። ያለ ማቀዝቀዣ ለሚሸጥ ፍሬ ግን የአዳማ ሙቀት ለእሱ ተስማሚ ነው።

ጥቅምት 21፦ ባክቴሪያውን ማውጣት

መነሻው ዙሪያው ያለው ሁሉ በስብሶ እሱ ደህና የቀረ ብርቱካን ነው። እንዲህ ያለ ፍሬ በየካሳው አይጠፋም። ከልጣጩ 10 ግራም በንጹሕ ምላጭ ተከትፎ 90 ሚሊ ሊትር የጨው ውሃ ውስጥ ይገባል (8.5 ግራም ጨው በሊትር፣ አስቀድሞ በእንፋሎት የጸዳ)። ለ15 ደቂቃ ይነቃነቃል። ከዚያ 5 ሚሊ ሊትር በቀጭን የመስታወት ቱቦ ተወስዶ 80 ዲግሪ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ይቆያል። በዚህ ሙቀት ስፖር የሌለው ሁሉ ይሞታል፤ የሚተርፈው በአብዛኛው የባሲለስ ዘር ነው። ቱቦው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ራሱ 80 እስኪደርስ ጊዜ ስለሚወስድ ሁለተኛ ቱቦ ባዶ ውሃ ሞልቶ ቴርሞሜትሩን እዚያ ውስጥ ማስገባትና ደቂቃውን 80 ከሞላ በኋላ መቁጠር ይገባል።

ስለ ማጽዳት አንድ ማሳሰቢያ። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ናት፤ ውሃ የሚፈላው 94 እና 95 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ተራ ማፍላት ስፖር አይገድልም። ፕሬሸር ኩከርም ቢሆን ባሕር ዳርቻ ላይ በ15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) የሚሰጠውን 121 ዲግሪ እዚህ አይሰጥም፤ 118 ገደማ ላይ ይቆማል፤ ብዙ የቤት ኩከሮች ደግሞ 15 ፒኤስአይም አይደርሱም። መጽሐፍ ላይ የተጻፈውን 20 ደቂቃ ወደ 35 ማሳደግ፣ ክዳኑን ከመጫን በፊት ደግሞ አየሩ ለ7 እና 8 ደቂቃ በእንፋሎት እንዲወጣ መተው ግድ ነው። አየር ከቀረበት ጌጁ ግፊት ያሳያል እንጂ ውስጡ አልሞቀም።

ከዚያ በ10 እጥፍ በ10 እጥፍ እየቀጠነ ሳህን ውስጥ በረጋ የባክቴሪያ ምግብ (ኑትሪየንት አጋር) ላይ ይለጠፋል፤ 30 ዲግሪ፣ ከ24 እስከ 48 ሰዓት። ማሞቂያው የፎም ሳጥን ውስጥ የተንጠለጠለ 25 ዋት አምፖልና ቴርሞስታት ነው።

የበጋው ነፋስ ሲጀምር ሳህን ማፍሰስ ፈተና ነው። አዳማን የነፋስ ኃይል ማመንጫ ያስተከለላት ነፋስ በመስኮት ስንጥቅ አቧራ ይዞ ይገባል፤ አቧራው ደግሞ በባሲለስ ስፖር የተሞላ ነው። መፍትሔው በማለዳ መሥራት፣ ጠረጴዛውን በ70 ፐርሰንት አልኮል መጥረግ (አልኮሉ እስኪተን ድረስ እሳት አለማቀጣጠል)፣ መስኮት ዘግቶ በስፒሪት ላምባ ነበልባል አጠገብ መክፈት ነው። በየዙሩ አንድ ባዶ ሳህን ክዳኑ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። እሱ ላይ የበቀለው ሁሉ ከአየር የመጣ እንጂ ከብርቱካኑ አይደለም።

ጥቅምት 24፦ የሚጣለውን መጣል

የሚፈለገው ኮሎኒ ነጣ ያለ፣ ደብዛዛ፣ ደረቅ፣ ጠርዙ ያልተስተካከለ፣ ሲያድር የሚሸበሸብ ነው። በስቴኪኒ ሲነካ አንዳንዱ እንደ ቆዳ ተያይዞ ይነሳል። እንደ ሥር እየተጠማዘዘ ሳህኑን የሚሸፍነው ባሲለስ ማይኮይደስ ነው፤ ይጣላል። ትልቅ፣ እንደ ሰም የሚያብለጨልጭ ወይም እንደ ብርጭቆ ዱቄት ሸካራ የሚመስለው ግን ያስፈራል፤ ባሲለስ ሴሬየስ ሊሆን ይችላል።

ሴሬየስ የምግብ መመረዝ ያመጣል። ሰው የሚበላው ፍሬ ላይ የሚረጭ ነገር ስናዘጋጅ ይህ ማጣሪያ አይዘለልም። የሚለየው ማኒቶልና የእንቁላል አስኳል ያለበት አጋር ነው። ሴሬየስ ሮዝ ቀለም ይይዝና ዙሪያውን ነጭ ደመና ይሠራል። ሰብቲሊስ ማኒቶሉን ስለሚያፈላ ሳህኑን ቢጫ ያደርገዋል፣ ደመናም የለውም። የደም አጋር ብቻውን አያስተማምንም፤ ሰብቲሊስም ሰርፋክቲን በሚባል ሳሙና መሰል ውህዱ የተነሳ ደም ያሟሟል። በመጨረሻ የተመረጠው ዘር ስሙ የሚረጋገጠው በዲኤንኤ ነው። 16ኤስ የሚባለው ጂን ሰብቲሊስን ከቅርብ ዘመዱ ከቬሌዘንሲስ በደንብ አይለይም፤ ጋይሬስ ኤ ወይም ቢ የሚባል ሌላ ጂን አብሮ እንዲነበብ ናሙና ሲላክ መጠየቅ ነው። በዓለም ገበያ በጣም የታወቀው ኪውኤስቲ 713 የሚባለው ዘር ራሱ ለዓመታት ሰብቲሊስ ሲባል ኖሮ በኋላ ወደ ቬሌዘንሲስ ተዛውሯል።

ጥቅምት 28፦ ሳህን ላይ ማጋጠም

የድንች አጋር፦ 200 ግራም የተላጠ ድንች በሊትር ውሃ እስኪፈርስ ተቀቅሎ ይጠለላል፤ 20 ግራም ዴክስትሮስ፣ 18 ግራም አጋር ይጨመርበትና ውሃው ወደ አንድ ሊትር ይሞላል። ከሻጋታው 5 ሚሊ ሜትር ክብ ተቆርጦ በአንድ ወገን፣ ባክቴሪያው በ3 ሴንቲ ሜትር ርቀት በመስመር ይጫራል። ሻጋታ ብቻውን ያለበት ሳህን ለማነጻጸሪያ ይቀመጣል። ስሌቱ ቀላል ነው። ብቻውን ያለው 40 ሚሊ ሜትር ቢያድግና ወደ ባክቴሪያው አቅጣጫ ያለው 22 ላይ ቢቆም፣ ልዩነቱ 18 ለ40 ሲካፈል 45 ፐርሰንት ታግዷል ማለት ነው።

ነገር ግን ሳህን ላይ ሰፊ ባዶ ቀለበት የሠራ ሁሉ ፍሬ ላይ አይሠራም። የድንች አጋር ስኳር የጠገበ ነው፤ የብርቱካን ቁስል ግን ጠባብ ነው፣ ኮምጣጣ ነው፣ ዘይት አለበት፤ ሻጋታውም ሲትሪክ አሲድ እያመነጨ ይበልጥ ያኮመጥጠዋል። ስለዚህ ከሳህን ፈተና አንደኛውን ብቻ ሳይሆን መካከለኛ የወጡትንም ወደ ፍሬ ማሳለፍ ይሻላል። በዚህ ዙርም፣ በኋላ እንደታየው፣ ቁስል ውስጥ የተሻለ የያዘው ሳህን ላይ ቀለበቱ ጠበብ ያለው ነው።

ኅዳር 3፦ ማራባት

በሊትር፦ 30 ግራም ሞላሰስ፣ 15 ግራም የአኩሪ አተር ዱቄት፣ ፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያ) ወደ 7 የተስተካከለ። ሞላሰስ ለከብት መኖ ስለሚሸጥ ከወንጂ ስኳር ጎረቤት ላለች ከተማ ብርቅ አይደለም። አኩሪ አተሩ በደንብ ተፈጭቶ በወንፊት ካላለፈ ከታች ይዘቅጣል፤ የዘቀጠ እብጠት ውስጥ ደግሞ እንፋሎት አይደርስም፣ ከውስጡ ሌላ ተሕዋስ ይነሳል።

ባለ 5 ሊትር ዕቃ ውስጥ የሚገባው 2 ሊትር ብቻ ነው። ቀሪው ቦታ ለአረፋ ነው። ባሲለስ አየር ይፈልጋል፤ አየሩ የሚሰጠው በዓሣ ገንዳ ፓምፕ ሲሆን መንገዱ ላይ የታጨቀ ጥጥ ያለበት የጸዳ ቱቦ አለ። አንድ ሌሊት ያደገ 100 ሚሊ ሊትር ዘር ይጨመርበታል። በ30 ዲግሪ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል።

አረፋው እንዲህ ነው የሚመጣው፦ ግማሽ ቀን ገደማ ሲሆን ላዩ ላይ ቡናማ ስስ ንጣፍ ይታያል፤ ከዚያ እንደ ሳሙና ቅጥቅጥ ያለ አረፋ እየተገፋ አንገት ላይ ይደርሳል። ሰርፋክቲን እየሠራ መሆኑን ስለሚያሳይ ደስ ይላል፤ ግን የመውጫውን ጥጥ ካራሰው ጥጡ ማጣራቱን ያቆማል፣ ብክለት በእርጥቡ በኩል ወደ ውስጥ ይወርዳል። አየሩን መቀነስ፣ አንድ ሁለት ጠብታ የጸዳ የምግብ ዘይት መጨመር፣ ጥጡን ደግሞ ከፍ ብሎ በቆመ ቱቦ ጫፍ ማድረግ ይበቃል።

መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል። አጭር ከሆነ ዕቃውን በየ10 ደቂቃው በእጅ መነቅነቅ ያሻግራል። ሲረዝም ግን ያለ አየር የሚያድጉ ተሕዋስያን ዕድል ያገኛሉ። ባትሪ ያለው ፓምፕ ዋጋ አለው።

የተሳካው በአፍንጫም ይታወቃል። የተፈላ አኩሪ አተር የሚመስል፣ ከበድ ያለ ሽታ ትክክል ነው። የጠላ ሽታ ከሆነ እርሾ ገብቷል፤ የእርጎ ሽታ ከሆነ የላክቲክ ባክቴሪያ ነው። ሲያበቃ ፒኤች 7 እና 8 መካከል ይሆናል፤ ከ5 በታች ከወረደ ይደፋል፣ አይታከምም።

ኅዳር 6፦ ቆጠራ

ዓይን አይቆጥርም። ደፍርሶ ማየት ብቻ በቂ ቢሆን የአኩሪ አተሩ ደለልም ባክቴሪያ በመሰለ ነበር። 1 ሚሊ ሊትር በ9 ሚሊ ሊትር የጨው ውሃ ውስጥ፣ እንዲህ እየተደረገ እስከ ስድስተኛው ቱቦ፤ ከስድስተኛው 0.1 ሚሊ ሊትር ሳህን ላይ። ሳህኑ ላይ 100 ኮሎኒ ከወጣ መነሻው በሚሊ ሊትር 1 ቢሊዮን ነው። ለፍሬ የሚፈለገው 100 ሚሊዮን በሚሊ ሊትር ስለሆነ አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ ይቀጥናል።

ከዚያው ፈሳሽ ሌላ ናሙና 80 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ ሞቆ እንደገና ይቆጠራል። ሁለቱ ቁጥሮች ከተቀራረቡ አብዛኛው ስፖር ሆኗል። ለማከማቸት ይህ ጥሩ ነው። ለዛሬ መንከሪያ ግን ስፖር ያልሆነ፣ ንቁ ሴል ይፈጥናል፤ ስፖር ቁስሉ ላይ ለመብቀል ጊዜ ይወስዳል፣ ያ ጊዜ ደግሞ ለሻጋታው ነው።

ኅዳር 8፦ ፍሬ ላይ

ሰም ያልተቀባ፣ ፈንገስ መድኃኒት ያልነካው ብርቱካን ይመረጣል። በበረኪና ውሃ (0.5 ፐርሰንት ክሎሪን) ለ2 ደቂቃ ታጥቦ፣ በንጹሕ ውሃ ሁለት ጊዜ ተለቅልቆ ይደርቃል። ክሎሪኑ ልጣጩ ላይ ከቀረ ቀጥሎ የሚመጣውን ባክቴሪያ ይገድለዋል።

መቁሰያው ቡሽ ውስጥ የተሰካ ሚስማር ነው። 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር። ከዚህ ከጠለቀ ነጩን አልፎ ጭማቂውን ይበሳና የሚፈተነው ሌላ ነገር ይሆናል። በአንድ ፍሬ አንድ ቁስል፣ በወገቡ ላይ። ጠብታው የሚለካው በኢንሱሊን ሲሪንጅ ነው፤ በሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ያለው ሲሪንጅ ላይ 2 ዩኒት 0.02 ሚሊ ሊትር ነው።

የሻጋታው ስፖር ውሃ ስለማይወድ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ውሃው ውስጥ ጥቂት ትዊን 80 (ሳሙና መሰል ማራሻ) ይገባል፤ በአራት እጥፍ ሻሽ ይጠለላል፤ ወደ 100 ሺህ ስፖር በሚሊ ሊትር ይቀጥናል። ይህ ሥራ ከባክቴሪያው ክፍል ውጭ፣ በማስክ ይሠራል። አንድ አረንጓዴ ብርቱካን ጠረጴዛ ላይ ማንቀሳቀስ ክፍሉን ሙሉ ለሳምንት ይበክላል።

ምድቦቹ፦ ውሃ ብቻ፤ ባክቴሪያ ብቻ፤ 2 ፐርሰንት ቤኪንግ ሶዳ ብቻ፤ ሶዳ ከዚያ ባክቴሪያ፤ ባክቴሪያው በማጣሪያ የወጣለት ፈሳሽ ብቻ። በየምድቡ 20 ፍሬ፣ ሦስት ድግግሞሽ፣ ካሳዎቹ ውስጥ ተበራርዘው። አንዱን ምድብ አንድ ካሳ ውስጥ ማጎር ውጤቱን የካሳው ያደርገዋል እንጂ የመድኃኒቱ አይደለም። ሻጋታው ከነዚህ ከ2 ሰዓት በኋላ ይንጠባጠባል። ካሳው ሥር እርጥብ ወረቀት፣ ከላይ ላስቲክ፤ 25 ዲግሪ።

ኅዳር 10 እስከ 15፦ ንባብ

ሁለተኛው ቀን መጨረሻ ላይ ቁስሉ ዙሪያ ውሃ የጠጣ የሚመስል ክብ ይታያል፤ በአውራ ጣት ቀስ ብሎ ሲጫን ልጣጩ ይሰምጣል። በዚህ ጊዜ ምንም ሻጋታ ስለማይታይ ልምድ የሌለው ሰው ደህና ብሎ ያልፈዋል። ቀጥሎ ነጭ ጥጥ፣ ከመሃሉ ደግሞ የወይራ ቅጠል ቀለም ዱቄት ይወጣል። ነጩ ጠርዝ ሰፊ ከሆነና ቀለሙ አረንጓዴ ከሆነ ዲጂታተም ነው፤ ጠርዙ ጠባብና ዱቄቱ ሰማያዊ ከሆነ ዘመዱ ፔኒሲሊየም ኢታሊከም ነው። ኢታሊከም በመነካካት ወደ ጎረቤት ፍሬ ስለሚዛመት የታየበት ካሳ ይለያል።

ውሃ ብቻ ያገኙት በብዛት ሄደዋል። ሶዳ ብቻው አዘግይቷል እንጂ አልገደለም፤ ከታጠበ ስፖሩ ይነሳል። ባክቴሪያ ብቻው ከሶዳ ብቻው ተሽሏል። ሁለቱ ሲቀናጁ ግልጽ ልዩነት አለ፦ ሶዳው ስፖሩን አስሮ ሲይዘው ባክቴሪያው ቁስሉን ለመሙላት ጊዜ ያገኛል። ባሲለስ ሶዳውን ይችላል። የተጣራው ፈሳሽ መጀመሪያ ላይ ጥሩ ቢመስልም ቆይቶ ሸሽቷል፤ ውህዱ ያልቃል፣ የሚያመርተው ሴል የለማ።

አንድ ካሳ ላይ የታየው ሌላ ነው። ፍሬው ሳይደርቅ በላስቲክ ስለተሸፈነ ልጣጩ ቀልጦ የኮምጣጤ ሽታ አመጣ፣ ትንኝም ተሰበሰበ። ይህ ጂኦትሪከም የሚባል ፈንገስ የሚያመጣው ኮምጣጣ ብስባሴ ነው፤ መከላከያው ባክቴሪያ መጨመር ሳይሆን ማድረቅ ነው።

ኅዳር 18፦ ሰዓቱ

ባክቴሪያው ዘበኛ እንጂ ሐኪም አይደለም። ይህን ለማየት ያንኑ ዘር በሦስት ጊዜ ሞከርን፦ ከሻጋታው 24 ሰዓት ቀድሞ፣ አብሮ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ። የቀደመው ጠብቋል፤ አብሮ የገባው ተሟግቷል፤ የዘገየው ከውሃው ምድብ ብዙም አልተለየም። በ25 ዲግሪ አንድ ቀን ለሻጋታው በልጣጩ ውስጥ ለመስፋፋት ይበቃዋል፤ ላይ ላይ የተቀባ ነገር ከዚያ በኋላ አያገኘውም።

ለገበያው ትርጉሙ ይህ ነው፦ ብርቱካኑ ላይኛው አዋሽ መርቲ ተለቅሞ አዳማ ሲደርስ፣ ነጋዴው ጋ ሲያድርና በማግስቱ ሲነከር ጊዜው አልፏል። የመንከሪያው ቦታ እርሻው በር ላይ ነው፣ በተለቀመበት ቀን። የተሻለ ዘር ፍለጋ ወራት ከማባከን ይልቅ ማለዳ የተለቀመውን ከሰዓት በፊት መንከር የበለጠ ይሰጣል።

ኅዳር 25፦ በበርሜል

ሁለት በርሜል ያስፈልጋል፣ እያንዳንዱ 100 ሊትር። አንደኛው 2 ኪሎ ሶዳ የሟሟበት፣ ከተቻለ 40 ዲግሪ ገደማ ለብ ያለ። ከ50 በላይ ከሞቀ ጋዙን እየለቀቀ ወደ ጠንካራው ካርቦኔት ይሄዳል። ሱቅ ውስጥ ቤኪንግ ፓውደርና ቤኪንግ ሶዳ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ጽሑፉ ይነበብ፤ ፓውደሩ አሲድና ስታርች አለበት፣ ፍሬውን ያጣብቃል፣ ለሻጋታውም ምግብ ነው።

ፍሬው 2 ደቂቃ ሶዳው ውስጥ ቆይቶ ይንጠፈጠፋል። ሁለተኛው በርሜል 90 ሊትር ውሃና 10 ሊትር የተቆጠረ የባክቴሪያ ፈሳሽ ነው። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲለቅ ክዳኑ ተከፍቶ ያድራል። ፈሳሹ አስቀድሞ በሻሽ ካልተጠለለ የአኩሪ አተሩ ዝቃጭ እንብርቱ ላይ ይቀራል፣ ሲደርቅ ነጭ ቆሻሻ ይመስላል፣ ገዢ ያባርራል። እዚህም 2 ደቂቃ፤ ከዚያ ጥላ ሥር በወንፊት አልጋ ላይ በአንድ ረድፍ ተዘርግቶ እንብርቱ ጭምር እስኪደርቅ። የአዳማ ነፋስ ለዚህ ለዚህ ይመሰገናል። ፀሐይ ላይ ማስጣት ግን ባክቴሪያውን ይጎዳል።

የበሰበሰ ፍሬ በርሜል ውስጥ አይገባም። አንድ አረንጓዴ ብርቱካን የሚለቀው ስፖር ቀጥሎ የሚነከረውን ሁሉ ይቀባዋል፤ መንከሪያው ራሱ በሽታ ማከፋፈያ ይሆናል። የባክቴሪያው በርሜል በቀኑ መጨረሻ ይደፋል፤ ለነገ አይቆጠብም።

ታኅሣሥ 2፦ ማስቀመጥ

ስፖር የሆነው ፈሳሽ ከታልክ (ለስላሳ የድንጋይ ዱቄት) ጋር እንደ ሊጥ ተለውሶ፣ ስስ ሆኖ ተዘርግቶ ከ40 ዲግሪ በታች ይደርቃል፤ ተፈጭቶ በጠባብ አፍ ማሰሮ ይታሸጋል። እርጥበት ከገባበት ስፖሩ ያለ ምግብ መንቃት ይጀምርና ይሞታል። በየወሩ ከማሰሮው 1 ግራም ተወስዶ ይቆጠራል። ቁጥሩ በ10 እጥፍ ከወረደ ያ ማሰሮ ለመንከሪያ ሳይሆን አዲስ ዘር ለማሳደግ ብቻ ይውላል። እናት ዘሩ ግን ሁልጊዜ ለብቻው፣ በ20 ፐርሰንት ግሊሰሮል፣ በፍሪዘር ነው። ከሳህን ወደ ሳህን እየተዛወረ የኖረ ዘር ቀስ በቀስ መሸብሸቡን ይተዋል፣ ልሙጥ ይሆናል፣ ፈንገስ የመግታት አቅሙም አብሮ ይቀንሳል።

እስካሁን የተነከረው የሙከራ ፍሬ ነው፤ ለገበያ አልወጣም። በኢትዮጵያ ፀረ ተባይ የሚመዘገበውና ቁጥጥር የሚደረግበት በአዋጅ ነው፤ ለሽያጭ የሚሆን ዝግጅት ከመታሰቡ በፊት የዘሩ ስም፣ የሴሬየስ ማጣሪያው ውጤትና የቆጠራ መዝገቡ በአንድ ፋይል መቀመጥ አለባቸው። ማሰሮው ላይ የሚለጠፈው ወረቀት የዘሩን ቁጥር፣ የተመረተበትን ቀን፣ የመጨረሻውን ቆጠራና ቀኑን ይይዛል። ቀጣዩ ዙር መንደሪን ነው፤ ልጣጩ ስስ ስለሆነ የሚስማሩ ጥልቀት ወደ 1 ሚሊ ሜትር ይወርዳል።